ከመክፈልዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፦ ለመቀሌ ቤት የሚሆን የእንቁላል መፈልፈያ አመራረጥ

ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ግቢ ያለው፣ ጥቂት ዶሮዎች የሚያረባና ጫጩት ራሱ ለማስፈልፈል ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ስንት እንቁላል ይይዛል?» ነጋዴውም 48፣ 56፣ 96፣ 112 እያለ ይቆጥራል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት እፈልጋለሁ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ አየሩን በምን እንደሚያንቀሳቅስና ውሃውን በምን እንደሚይዝ ይመልከቱ። የእንቁላሉ ብዛት መጨረሻ ላይ ይምጣ። መቀሌ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ በጋዋ ደረቅ፣ ውሃዋ ከባድ የሆነ ከተማ ናት። በካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው የአጠቃቀም ወረቀት ግን እንዲህ ያለውን ቦታ አስቦ አልተጻፈም።

ማሽኑ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

ጥሩ የሐበሻ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ታቅፋ ትፈለፍላለች። ሙቀቱንም፣ እርጥበቱንም፣ ማገላበጡንም ታውቅበታለች፤ ጫጩቶቹንም ራሷ ታሳድጋለች። ዶሮ ለትግራይ የትናንት እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በሚባል ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ የተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች 2,800 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩና በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊዎቹ መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ዘሩን ያቆየችው ታቃፊዋ ዶሮ ናት። በዓመት ሃያ ሠላሳ ጫጩት ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ሁለት ጥሩ ታቃፊዎች ይበቁዎታል፤ ገንዘብዎን ለመኖ ያስቀምጡት።

ማሽን ትርጉም የሚኖረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የታቀፈች ዶሮ ጫጩቶቿን አሳድጋ እስክትጨርስ ሦስት ወር ያህል እንቁላል አትጥልም፤ ማቀፉን ማሽን ሲወስድላት ቶሎ ወደ መጣሉ ትመለሳለች። ሁለተኛው፣ ለእንቁላል ተብለው የተመረጡ ዝርያዎች የመታቀፍ ጠባያቸው በጣም ቀንሷል። እነሱን ይዞ ዶሮዋ እስክትተኛ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ግብፃውያን ይህን ሥራ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው በጭቃ ጡብ በተሠሩ ምድጃ ቤቶች ያካሂዱት ነበር፤ ሠራተኞቹም የእንቁላሉን ሙቀት የዐይናቸው ቆብ ላይ አስነክተው ይለኩ ነበር። ሙቀቱን ሌትና ቀን የሚከታተል ሰው ግን አጠገቡ ይኖር ነበር። እርስዎም ማሽኑን የሚገዙት ለ21 ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ ብቻ ይሁን።

ቁጥሩን ከመኖው ተነሥተው ያስሉ

አንድ ጫጩት እስከ ስድስተኛ ሳምንት ድረስ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ መኖ ይበላል። 112 እንቁላል የሚይዝ ማሽን ገዝተው 80 ጫጩት ቢወጣልዎ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ኩንታል ያህል መኖ ያስፈልግዎታል ማለት ነው፤ ያውም ዶሮዎቹ ገና ምንም ሳያስገቡ። ከሰማንያዎቹ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ፤ ወንዱን ከሴቱ በመጀመሪያው ቀን መለየት ደግሞ ለብዙዎቻችን አይቻልም። ስለዚህ የመኖ ሻጩን ዋጋ ዛሬ ይጠይቁና ኪስዎ የሚችለውን የጫጩት ቁጥር ያውጡ። በእሱ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ጨምረው የእንቁላሉን ቁጥር ያገኛሉ። ጀማሪ ከሆኑ ከገቡት እንቁላሎች ሁሉ ስድሳ በመቶ ጫጩት ማግኘት ጥሩ ጅምር ነው።

ለአብዛኛው የመቀሌ ግቢ ከ40 እስከ 60 እንቁላል የሚይዝ ማሽን ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ የሚበልጠውን ለመግዛት የተዘጋጀ ገንዘብ ካለዎት ልዩነቱን ለባትሪ ያውሉት። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ማሽኑ ቤት ውስጥ አያስቸግርም፤ ችግሩ ከ21ኛው ቀን በኋላ ነው። ጫጩቶቹ የት እንደሚያድጉ ሳይወስኑ አይግዙ።

ጊዜውንም አብረው ያስቡ። ለፋሲካ የሚደርስ አውራ ዶሮ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው እንቁላሉን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ማስገባት አለበት፤ ሦስት ሳምንት ለመፈልፈል፣ አምስት ስድስት ወር ለማደግ ይሄዳል። በሁዳዴ ጾም የእንቁላል ፈላጊ ስለሚቀንስ ዘር የሚሆን እንቁላል ማግኘት ይቀላል። ያኔ የገባው ግን ለፋሲካ አይደርስም፤ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ነው የሚታሰበው።

እንቁላሉን ከማሽኑ በፊት ያግኙ

ከሱቅ በትሪ የሚገዛው የእርባታ እንቁላል አይፈለፈልም። እነሎማን ብራውንና ቦቫንስ ያሉባቸው የእንቁላል እርባታዎች አውራ አያስገቡም፤ አውራ ያልነካው እንቁላል የትኛውም ማሽን ውስጥ ቢገባ ያው ባዶ ነው። ለ8 ወይም ለ10 ሴት ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ካለበት ቤት ይግዙ፤ ከተቻለ በዐይንዎ አይተው።

ስለ ሳሶ ዶሮ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይጠይቃልና። ሳሶን በአገሪቱ ያስፋፋው ኢትዮችክን የተባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 እዚሁ መቀሌ የነበረውን የመንግሥት የዶሮ እርባታ ተረክቦ ነው፤ ስለዚህ ዶሮው በከተማችን በሚገባ ይታወቃል። ነገር ግን ለገበሬው የሚሸጠው ሳሶ የተዳቀለ ዶሮ ነው። የእሱን እንቁላል ቢያስፈለፍሉ ጫጩቱ ይወጣል፤ ሲያድግ ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ የአንዷ እንቁላል ብዙ፣ የሌላዋ ጥቂት ሆኖ ያገኙታል። ዘሩ ሳይለወጥ እንዲቀጥል ከፈለጉ ኩኩክን፣ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻለውን ሆሮን፣ ወይም የአካባቢውን የሐበሻ ዶሮ ይምረጡ።

የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። የእርባታው 60 ግራም ይደርሳል። ይህ ልዩነት ማሽኑን ራሱን ይመለከታል። ብዙዎቹ ማሽኖች እንቁላሉን የሚያስቀምጡበት ጎድጓዳ ለትልቁ እንቁላል የተለካ ስለሆነ ትንሹ ውስጡ ይላወሳል፤ ትሪው ሲያዘነብል አንዱ ከሌላው ይጋጫል። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ ሊያስፈለፍሉ ካሰቡት ዓይነት አምስት ስድስት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልለው ይውሰዱ። ትሪው ላይ ደርድረው ሙሉ በሙሉ ወደ አንዱ ጎን፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሲያዘነብል ይመልከቱ። እንቁላሉን በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ የሚያንከባልሉት ማሽኖች ለተለያየ መጠን ይመቻሉ፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚስተካከል መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

መብራቱ

መቀሌ በጦርነቱ ዓመታት ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ለረጅም ጊዜ ተቆርጣ ነበር፤ ዳግም የተገናኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በሕዳር 2015 መጨረሻ ነው። በዚያ ጊዜ የተገዛ ሶላር ወይም የመኪና ባትሪ እስካሁን ቤታቸው ያለ ሰዎች ብዙ ናቸው። ካለዎት ግማሹ ወጪ ተሸፍኖልዎታል።

ሱቅ ውስጥ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ማሽኑ በ220 ቮልትም በ12 ቮልትም የሚሠራ መሆኑን ይሁን። ሁለቱንም የሚቀበል ማሽን ጀርባው ላይ ለባትሪ የሚሆኑ ቀይና ጥቁር መያዣዎች አሉት። እንዲህ ያለው ማሽን ኢንቨርተር አይፈልግም፤ ባትሪው በቀጥታ ይታሰርለታል። ነጋዴው «በሁለቱም ይሠራል» ብሎ ከነገረዎ በቃል አይርኩ፤ ባትሪ አስመጥተው ያስሞክሩ። አንዳንዱ ማሽን በ12 ቮልት ፋኑንና መቆጣጠሪያውን ብቻ ያስነሣል፤ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 100 አምፔር ሰዓት የሚል የመኪና ባትሪ በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። የመኪና ባትሪ ከግማሹ በላይ ባዶ ከሆነ ስለሚጎዳ በተግባር 600 ነው የሚጠቀሙት። ከ50 እንቁላል በታች የሚይዝ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 80 ዋት ገደማ ይላል። ማሞቂያው ሳያቋርጥ ቢነድ ባትሪው ሰባት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ማሞቂያው ግን እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ እስከ እጥፉ ሊያዘልቅዎ ይችላል። በዚህ ስሌት የ112ቱን ማሽን ለአንድ ሌሊት ለመያዝ ምን ያህል ባትሪ እንደሚጠይቅ ራስዎ ያውጡት፤ ያኔ ለምን ትንሹን እንደምመክር ይገባዎታል።

ቀጥሎ የርእሱን ነገር ያድርጉ። ማሽኑ በርቶ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሦስት ነገሮችን ይታዘቡ። ማንቂያ ደወሉ ይጮኻል? ሙቀቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስንት ዲግሪ ወረደ? ሶኬቱን መልሰው ሲሰኩት ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ፣ ያስተካከሉለትን ሙቀትና የቀን ቁጥር ሳይረሳ ይቀጥላል ወይስ ሰው አዝራር እስኪጫንለት ይጠብቃል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «ይጠብቃል» ከሆነ ማሽኑን አይግዙ። መብራት ሌሊት 8 ሰዓት ሄዶ 9 ሰዓት ሲመጣ ማንም ሰው አይነሣለትም።

መብራት ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ኃይለኛ ግፊት መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። ለፍሪጅ የሚገዛውን ዓይነት፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ከማሽኑ ጋር አብረው ይግዙ። ከተበጣጠሰ ዲቫይደር ላይ ደግሞ አይሰኩት።

ቢጠፋስ? አይደንግጡ፤ ክዳኑንም አይክፈቱ። ለጽንሱ ይበልጥ አደገኛው የሙቀት መብዛት ነው፤ መቀዝቀዝ ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ብዙውን ጊዜ መፈልፈሉን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ወጥቶ ለሰዓታት ከቆየ ግን ጽንሱ ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማሽኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑት። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ጽንሶቹ ራሳቸው ሙቀት ስለሚያመነጩና ብዙ አየር ስለሚፈልጉ፣ ጎን ጎኑን ሸፍነው የአየር ቀዳዳዎቹን ክፍት ይተዉ።

አየሩና ውሃው

ከሁሉ በላይ ሳይነገር የሚታለፈው ይህ ነው። በመቀሌ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ የሚፈላውም ለዚህ ነው፤ ቴርሞሜትርን በፈላ ውሃ ለመፈተሽ የሚሞክር ሰው ይህን ይወቅ። በእንቁላሉ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ሁለት ነው። በቅርፊቱ ስስ ቀዳዳዎች በኩል ውሃው በፍጥነት ይተናል፤ ጽንሱ ደግሞ በእነዚያው ቀዳዳዎች የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በጋው ደረቅ ሲሆን የመጀመሪያው ችግር ይብሳል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማሽን ከፊትዎ ቢኖር፣ ብዙ የአየር ቀዳዳና ሰፊ የውሃ ማስቀመጫ ያለውን ይውሰዱ። እርጥበቱን ለመያዝ ሲሉ ቀዳዳውን የሚደፍኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ እዚህ አገር ጫጩቱን የሚገድል ልማድ ነው። እርጥበት የሚጨመረው ውሃው ለአየር የሚጋለጥበትን ስፋት በመጨመር ነው፤ ጥልቀቱ ለውጥ አያመጣም። ማስቀመጫው ጠባብ ከሆነ ንጹሕ የስፖንጅ ቁራጭ ከውሃው ወጣ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ይረዳል። ውሃውን ክዳን ሳይከፍቱ ከውጭ በቱቦ የሚጨምሩበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

ወረቀቱ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ ይሁን ይላል። ለመቀሌ በጋ ከ55 እስከ 60 ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ ዳኛው ሚዛን ይሁን። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት፤ ይህ በየትኛውም ከፍታ ያው ነው። 40 የሐበሻ እንቁላል አንድ ላይ 1,700 ግራም መዘነ እንበል። በሰባተኛው ቀን 80 ግራም ያህል ቀንሶ ሊያገኙት ይገባል፤ በ18ኛው ቀን 200 ግራም ያህል። በሰባተኛው ቀን 120 ከቀነሰ ውሃው አንሷል፤ 50 ብቻ ከቀነሰ በዝቷል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ማሽኑ ላይ ካለው የእርጥበት ቁጥር የበለጠ እውነት ይነግርዎታል። ለዚህ ሲባል ትሪው ከነእንቁላሉ ተነሥቶ መመዘን የሚችል ማሽን መምረጥ ጠቃሚ ነው።

ፋን የሌለው ማሽን ርካሽ ነው። በውስጡ ላይኛው አየር ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ስለሚሆን ሙቀቱ ከእንቁላሉ አናት ላይ ተለክቶ ከ38.5 እስከ 39 መያዝ ይኖርበታል። ልምድ ላለው ሰው ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ፋን ያለውን እመክራለሁ። እዚያ 37.5 ላይ አስተካክለው ይተዉታል።

ውሃውንም ልብ ይበሉ። የመቀሌ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ምድር ስለሚወጣ ከባድ ነው፤ የጀበናዎና የማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። በጭጋግ መልክ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ የተገጠመለት ማሽን በዚህ ውሃ ቶሎ ይደፈናል። ተራ የውሃ ማስቀመጫ ያለው ለጽዳትም ይቀላል። በክረምት የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅሙ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። አሲዱ ሌላ ነው፤ ሲገዙ ይለዩ።

ከውጭ የመጣ ወይስ እዚህ የተሠራ?

ከቻይና የሚመጡት የፕላስቲክ ማሽኖች ቀላል፣ ለመታጠብ የሚመቹ፣ ማገላበጫቸው በራሱ የሚሠራ ናቸው። ድክመታቸው ስስነታቸው ነው፤ በሕዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው በግድግዳቸው ያልፋል። በእንጨትና በላሜራ ቤቶች የሚሠራው የአገር ውስጥ ማሽን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን ይበልጥ ያቆያል፤ የተበላሸውንም የሠራው ሰው ይጠግነዋል። ድክመቱ ብዙውን ጊዜ ማገላበጫው፣ የሙቀቱ ሚዛን አለመጠበቅና ለማጽዳት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ችፑድ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ውስጡ ቀለም ያልተቀባ ወይም በላሜራ ያልተለበጠ ሳጥን በሁለተኛው ዙር መሽተት ይጀምራል።

እዚህ የተሠራውን ከመረጡ ማሞቂያው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። በአምፖል የሚሞቅ ከሆነ ክር ያለው አሮጌው ዓይነት አምፖል ያስፈልጋል፤ ኤልኢዲ አምፖል የሚሰጠው ሙቀት ለዚህ ሥራ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት አምፖል ይኑረው፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላው እንዲይዝ።

ከየትኛውም ወገን ቢገዙ ሦስት ክፍሎች ለየብቻ የሚፈቱና የሚተኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፦ ፋኑ፣ መቆጣጠሪያውና የማገላበጫው ሞተር። ኤክስኤም-18 የሚባለው መቆጣጠሪያ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚገጠም ስለሆነ ተለዋጩን ማግኘት ከሌሎቹ ይቀላል። ፋኑ ርካሽ ነው፤ አንድ ትርፍ አብረው ይግዙ። ሲበላሽ ለማፈላለግ ጊዜ አይኖርዎትም።

ቤት ሲደርሱ

እንቁላል ከማስገባትዎ በፊት ማሽኑን ለሁለት ሌሊት ባዶውን ያስነሡት። ቦታው ጸሐይ የማይነካው፣ በር ሲከፈት ነፋስ የማይመታው ይሁን። በመቀሌ የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ክፍሎች ሙቀታቸው ስለማይዋዥቅ ይመረጣሉ፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

ሙቀቱን ለመፈተሽ ከፋርማሲ የሚገዛውን የትኩሳት መለኪያ ይጠቀሙ። ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው ማሽኑ ውስጥ ያሳድሩ፤ ጠዋት ከፍተው ወዲያው የመለኪያውን ጫፍ ይንከሩ። የሰው ትኩሳት መለኪያ በ37 አካባቢ በትክክል እንዲለካ ተብሎ የተሠራ ነው። ማሽኑ 37.5 እያለ መለኪያው 36.8 ካለ ልዩነቱን ጽፈው ይያዙና ማሽኑን በዚያ ልክ ያስተካክሉ። ጠርሙሱን በአራቱም ማዕዘን ያዟዙሩ፤ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ከበለጠ ሳያድር ወደ ሻጩ ይመልሱት። ይህን የመመለስ መብት ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይያዙ።

የእርጥበት መለኪያው የሚፈተሸው በጨው ነው፤ ከአፋር በግመል አሞሌ ሲገባባት ለኖረች ከተማ ደግሞ ጨው ብርቅ አይደለም። በትንሽ ሲኒ ጨው አድርገው እንደ ላመ ሊጥ እስኪሆን በጥቂት ውሃ ያርሱት። ሲኒውን ከእርጥበት መለኪያው ጋር ገጥሞ በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩ። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካለ መለኪያው ሰባት ያጎድላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዙር

ማሽኑን በመጀመሪያው ዙር አይሙሉት። ከሰባት ቀን በላይ ያልቆየ፣ ያልታጠበ፣ ያልተሰነጠቀ እንቁላል ይምረጡ፤ በትሪ የሚቆም ከሆነ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ቀን ያስገቡ፤ ዕድሜው የተለያየ እንቁላል በአንድ ትንሽ ማሽን ውስጥ አይስማማም። ማገላበጫው በየሁለት ሰዓቱ መሥራቱን ይከታተሉ፤ በእጅ ከሆነ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ። በሰባተኛው ቀን ሌሊት በጠንካራ የእጅ ባትሪ አብርተው ይዩ፤ የደም ሥር የተዘረጋበት ሕያው ነው፣ ጥርት ያለው ባዶ ነው፣ ይውጣ። በ18ኛው ቀን ማገላበጡን ያቁሙ፣ ውሃውን ጨምረው እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 ያድርሱ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ከዚያ በኋላ ክዳኑን አይንኩ። ቅርፊቱን ነቁሮ ለሰዓታት ዝም ያለ ጫጩት ብዙ ጊዜ እያረፈ ነው፤ ለመርዳት ብለው የሚከፍቱት ክዳን የሌሎቹን ሽፋን ያደርቅባቸዋል።

የወጡት ላባቸው እስኪደርቅ እዚያው ይቆዩ። ከአስኳሉ የቀረ ስንቅ በሆዳቸው ስላለ ለአንድ ቀን አይራቡም። ማሳደጊያው አስቀድሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሞቆ ይጠብቃቸው፤ መብራት የማያስተማምን ከሆነ የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት ያስፋፉት በጭድ የታሸገው ሄይቦክስ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። የፈንግል ክትባትን አይዝለሉ። በቢሾፍቱ የሚመረተው የኤችቢ1 ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዐይን ጠብታ ይሰጣል፤ ብልቃጡ ብዙ ጫጩት የሚበቃ ስለሆነ ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ቀን ተስማምተው አንድ ላይ ቢገዙ ወጪው ይቀልልዎታል።

ማሽኑን በበረኪና ከማጠብዎ በፊት ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ይስበሩና የሞቱበትን ጊዜ ይጻፉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ከበዙ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት የቆየበትን ጊዜና አያያዙን ወይም የሙቀቱን መዋዠቅ ይጠርጥሩ። ሙሉ ጫጩት ሆነው ሳይወጡ የቀሩት ከበዙ፣ መጀመሪያ የአየር ቀዳዳውን፣ ቀጥሎ የክብደቱን መዝገብ ይመልከቱ። ሽፋኑ ደርቆ ጫጩቱ ላይ ከተጣበቀ ውሃው አንሷል፤ ጫጩቱ ካበጠና በእርጥበት ከተዋጠ በዝቷል። ይህንኑ ማሽን ይዘው ሦስት ዙር ከመዘገቡ በኋላ፣ ጫጩቶቹም ገዢና መኖ ካገኙ፣ ያኔ ስለ 112ቱ ማሽን ነጋዴውን ቢያነጋግሩ ጊዜው ነው።